የስኮትላንዷ ካሪን ፖልዋርት አዲስ አልበም፦ ሃያስያኑ አበዙት ወይስ እኛ ነን ያልገባን?

የቫን ሹፌር (ኤድንብራ) — ታኅሣሥ 2010

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሙዚቃ ክፍል ውስጥ አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም። ዛሬ ግን አንድ ነገር ስለከነከነኝ ክር ከፈትኩ።

ሥራዬ ዕቃ ማድረስ ነው። ከኤድንብራ ወደ ደቡብ በሚወስደው ኤ68 መንገድ በሳምንት አራት ቀን እመላለሳለሁ። ፓዝሄድ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። እሷን አልፈህ ዳገቱን ስትያያዘው ፋላ ትመጣለች፤ ከዚያ ሶውትራ ኮረብታ። እዚያ ላይ ነፋሱ ቫኔን ከመስመር ሊያወጣት ይታገላል። ኮረብታው ላይ የነፋስ ተርባይኖች ተደርድረዋል። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ደግሞ አንዲት የድንጋይ ቤት ብቻዋን ቆማለች። ሰባት ዓመት ሙሉ በአጠገቧ ሳልፍ የበግ ጎተራ ነበር የምትመስለኝ።

ባለፈው ወር የሥራ ባልደረባዬ አንድ ሲዲ ሰጠኝ። «ይቺ ሴትዮ የምትዘፍነው ስለ መንገድህ ነው» አለኝ። የዘፋኟ ስም ካሪን ፖልዋርት ነው። አልበሙ «ኤ ፖኬት ኦፍ ዊንድ ሬዚስታንስ» ይባላል፤ ዘንድሮ የወጣ ነው። ፒፓ መርፊ ከምትባል የሙዚቃና የድምፅ ባለሙያ ጋር ነው የሠራችው። መጀመሪያ የመድረክ ሥራ ነበር። በፈረንጅ 2016 ነሐሴ ላይ፣ በኤድንብራ ዓለም አቀፍ ፌስቲቫል፣ ከሮያል ላይሲየም ቴአትር ቤት ጋር ቀረበ። በ2017 ደግሞ የስኮትላንድ የቴአትር ሃያስያን በሙዚቃና ድምፅ ዘርፍ ሸለሙት። አልበሙም ሲወጣ ጋዜጣው ሁሉ ያወድሰዋል።

ያ የበግ ጎተራ ያልኩት ምን ሆኖ ተገኘ መሰላችሁ? በ1164 የተቋቋመ የመነኮሳት ሆስፒታል ቅሪት ነው። (ከላይ ያለው ቀን በኛ ነው፤ ዓመቶቹን ግን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ድሮ መንገደኛና ድውይ የሚያርፍበት ነበር።

ጥያቄዬ ይኸው። እኔ ይህን ያህል የወደድኩት መንገዱን ስለማውቀው ነው? ወይስ በእርግጥም ሃያስያኑ የሚሉትን ያህል ነው?

---

ካሴት ሰብሳቢ (አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ አንተስ በመንገድህ ነው የወደድከው፣ ይገባኛል። እኔ ግን ቁጭ ብዬ ልሰማው ሞክሬ እንቅልፍ ወሰደኝ። እውነቱን ልናገር፣ ግማሹ ወሬ ነው። ሴትዮዋ ታወራለች፣ ከኋላ ዝይ ይጮኻል፣ ከዚያ ትንሽ ትዘፍናለች፣ ከዚያ ደግሞ ታወራለች። እኔ ዘፈን ስል ዘፈን ነው የምፈልገው።

የፎክ፣ የባህል ዘፈን ማለት ነው፣ ሃያስያንን ደግሞ አትመናቸው። በፖፑ ዓለም አንድ አልበም መጥፎ ከሆነ መጥፎ ይሉታል። ፎክ ላይ ሲደርሱ ሁሉም እንደ ለቅሶ ቤት ነው፤ ክፉ ቃል ነውር ነው። አራት ኮከብ የሰላምታ ያህል ነው።

---

ባለ መነጽሯ (ግላስጎው)

ካሴት ሰብሳቢ፣ የለቅሶ ቤቷ ነገር አስቃኛለች፤ ትንሽም እውነት አላት። ግን ሴትዮዋ ዛሬ የበቀለች አይደለችም።

ካሪን የተወለደችው በ1970 ነው፤ ያደገችው ባንክኖክ በምትባል መንደር። ደንዲ ዩኒቨርሲቲ ፖለቲካና ፍልስፍና አጠናች። ከዚያ በቤት ውስጥ ጥቃት የሚደርስባቸውን ሴቶች በሚረዳ ድርጅት ሠራች። ማሊንኪና ባትልፊልድ ባንድ ከሚባሉ ቡድኖች ጋር የሰው ዘፈን፣ የጥንት ዘፈን ስትዘፍን ቆየች። በኋላ የራሷን መጻፍ ጀመረች። የመጀመሪያ አልበሟ «ፎልትላይንስ» በ2005 የቢቢሲ ሬዲዮ 2 የፎክ ሽልማት ላይ ምርጥ አልበም ተባለ። በዚያው ምሽት የአዲስ መጤ ሽልማቱንና የምርጥ አዲስ ዘፈኑን ሽልማት ጠራርጋ ወሰደች። ሦስት ሽልማት በአንድ ሌሊት፣ በመጀመሪያ አልበም።

እና «ወሬ» ያልከውን ከዚያ ሥራዋ ጋር አያይዘህ እየው። የተደበደበች ሴት ስታዳምጥ የኖረች ሰው ናት ማለት ይቻላል። ዘፈኖቿ ውስጥ ያለው ትዕግሥት ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። አትጮኽም፣ አታለቅስም። ትነግርሃለች። ሃያስያኑ የወደዱት ይህን ነው፤ እኔም።

---

የቫን ሹፌር

@ባለ መነጽሯ፣ አመሰግናለሁ እህቴ። የሥራ ታሪኳን አላውቅም ነበር።

@ካሴት ሰብሳቢ፣ ስለ ወሬው ተረድቼሃለሁ። ግን ወሬው ስለ ምን እንደሆነ ልንገርህና ከዚያ ፍረድ። ፋላ አጠገብ ፋላ ፍሎው የሚባል ረግረግ አለ። በየዓመቱ መስከረም ላይ እግራቸው ሮዝ የሆነ ዝዮች ከአይስላንድና ከግሪንላንድ ይመጣሉ፤ እዚያ ይከርማሉ። ባሕር ተሻግረው ሲመጡ በቪ ቅርጽ ነው የሚበሩት። ፊት ያለው ነፋሱን ይሰብራል፤ ከኋላ ያለው ይቀለዋል። ፊተኛው ሲደክመው ወደ ኋላ ይመለስና ሌላው ይተካዋል። የአልበሙ ስም የመጣው ከዚህ ነው። ነፋስን ተራ በተራ መጋፈጥ ማለት ነው።

እኔ ይህን ስሰማ ደቦ ትዝ አለኝ።

---

ሰፈረ ገበሬ (ደብረ ማርቆስ)

ደቦ አይደለም ወንድሜ፣ ወንፈል ነው። ደቦ ባለቤቱ ደግሶ አገር ጠርቶ ነው። ተራ በተራ፣ ዛሬ ለአንተ ነገ ለእኔ የሚባለው ወንፈል ነው። ከተማ ከገባችሁ ወዲህ ሁሉንም ደቦ አላችሁት።

ዝዮቹ ግን ጎበዞች ናቸው።

---

ክራር በእጄ (አዲስ አበባ)

ዘፈኑን ከፍቼ ከክራሬ ጋር ሞከርኩት። ማንም ስላልጠቀሰው እኔ ልበል፤ ብዙ የስኮትላንድ ዜማ በአምስት ድምፅ ነው የሚሄደው። የአዲስ ዓመት መዝሙራቸውን፣ «ኦልድ ላንግ ሳይን»ን ታውቁታላችሁ አይደል? ክራራችሁን በትዝታ ሜጀር ቃኙና ምቱት። አንድም ክር እንደገና ሳትቃኙ ይወጣላችኋል። ስኮትላንዳውያን አያውቁንም፣ እኛም አናውቃቸውም፣ ግን ቤቱ አንድ ነው።

---

ካሴት ሰብሳቢ

አሁን ጀመርን። ሁልጊዜ የሰው አገር ሙዚቃ ሲነሳ «ይሄማ የኛ ትዝታ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ቻይናም አምስት ድምፅ አላት። ታዲያ ቻይናም ወሎ ናት?

---

ክራር በእጄ

😂 ተቀበልኩ። ልክ ነህ፤ ድምፁ አንድ ቢሆንም አካሄዱ ሌላ ነው። እኛ አንዱን ድምፅ እናርገበግበዋለን፣ እናለቅስበታለን። እሷ ቀጥ አድርጋ ነው የምትይዘው፤ ጌጥ የላትም። መጀመሪያ ደረቅ ትመስላለች። ሦስተኛ ጊዜ ላይ ግን ያ ቀጥታ መያዟ ነው የሚገድለው። የዘመድ ነገሩን ትቼዋለሁ። ዜማው ለጆሯችን ባዳ አይደለም፣ ሌላ ያልኩት የለም።

---

ግራናይት ከተማ (አበርዲን)

ስለ ኳሱ ማንም አላነሳም?! መድረኩ ላይ ስለ አበርዲን ክለብ ታወራለች። በ1983 በጎተንበርግ፣ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ሪያል ማድሪድን 2 ለ 1 ያሸነፈው ቡድን። አሰልጣኙ አሌክስ ፈርጉሰን ነበሩ፤ ማንቸስተር ሳይሄዱ በፊት። እዚህ ከተማ ታክሲ ውስጥ ከገባህ እስከ ዛሬ ይነገርሃል። እኔ እዚህ የመጣሁት በ2006 ነው፤ ግን የጎሎቹን ደቂቃ ሳይቀር አውቃለሁ። አልወድም ብልም አያስቀሩኝም።

ፈርጉሰን ራሳቸው የዝዮቹን ነገር ለተጫዋቾች ሲናገሩ እንደኖሩ ይታወቃል። እንግዲህ ልጅቷ ዝይን፣ ኳስን፣ ረግረግን አንድ ላይ አሰረችው። እኔን የገዛችኝ እዚያ ጋ ነው። ሙዚቃውን ገና አላጣጣምኩትም።

---

ባለ መነጽሯ

@ግራናይት ከተማ፣ አበርዲን ካለህ «ትሬስስ» የሚለውን የ2012 አልበሟን ስማ። ውስጡ ዶናልድ ትራምፕ እናንተ አካባቢ፣ ሜኒ ላይ፣ በአሸዋ ክምሮቹ ላይ ስለሠሩት የጎልፍ ሜዳ የተዘፈነ አለ። ያን ጊዜ ሰውየው ገና ፕሬዚዳንት ይሆናሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። ስማቸውን ጠርታ አትሰድብም። ቅኔ ነው በሉት፤ ሰሙ የባሕር ዳር አሸዋ ነው።

---

አዋላጅ ነኝ (ሐዋሳ)

እኔ ሙዚቃ ላይ ብዙ አላውቅም። የወንድሜ ልጅ ነው ይህን ክር የላከልኝ፤ «አክስቴ፣ ይሄ ያንቺ ነው» ብሎ። ለምን እንዳለ ሰምቼ ገባኝ።

ከአልበሙ መሐል የአንድ ባልና ሚስት ታሪክ አለ። በዚያው በፋላ የኖሩ ናቸው፤ የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ። ሚስቲቱ ወለደች። ልጅቷ ተረፈች፣ እናቲቱ ሞተች። ከዚያ ዘፋኟ የራሷን ልጅ የወለደችበትን ቀን ትተርካለች፤ እሷ ሆስፒታልና ሐኪም ነበራት። አንድ አካባቢ፣ ሁለት ምጥ፣ ሁለት ዘመን።

እንግሊዝኛዬ ይህን ያህል አይደለም። ሦስት ጊዜ ነው የሰማሁት። መጀመሪያ ተረኛ ክፍል ውስጥ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ በአንድ ጆሮ ማዳመጫ። እናትየዋ ለሞተችባት ልጅ የሚዘፈን እሹሩሩ አለ። እዚያ ስደርስ አጠፋሁት። ቀሪውን ጠዋት ቤቴ ሄጄ ነው የጨረስኩት።

ለምን እንደዚያ እንደሆንኩ ልንገራችሁ። እኛ አራስ ስንጠይቅ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ነው የምንለው። እንኳን ደስ አለሽ የሚለው በኋላ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ማረችሽ። ማለት ሞት እዚያው አጠገቧ ቆሞ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን ማለት ነው። በሃያ አንድ ዓመት ሥራዬ ይህን ቃል ስንት ሺህ ጊዜ እንዳልኩት እግዜር ይወቀው። ያልኳቸው እናቶች ፊታቸው ይጠፋብኛል። ልላቸው ያልቻልኩት ግን አራቱም ፊታቸው ይታየኛል።

እና ይቺ ሴት ያንን ቃል በሰው አገር ቋንቋ ስታዜመው ሰማሁ። ቃሉ ሌላ ነው፤ ነገሩ ግን ያው ነው።

ከተማሪነቴ የማስታውሰውን አንድ ነገር ልጨምር። ከወሊድ በኋላ የሚመጣው ትኩሳት ከአዋላጅና ከሐኪም እጅ ወደ እናቲቱ እንደሚተላለፍ ቀድሞ ያሳየው አሌክሳንደር ጎርደን የሚባል የአበርዲን ሐኪም ነው። በ1795 መጽሐፍ አሳተመ። ሁላችንም በትምህርት ቤት የምንሰማው ሐኪሙ ዜመልቫይስ የመጣው ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነው። ጎርደን የአዋላጆቹን ስም ጭምር ስለጻፈ ከተማው ጠላው፤ ጥሎ ሄደ። አዋላጆቹም ምን ያድርጉ፣ ማንም እጅ ታጠቡ አላላቸው።

ይቅርታ፣ ረዘመብኝ።

---

የቫን ሹፌር

እትዬ፣ ምን ይቅርታ ያስፈልጋል። ትናንት ማታ አንብቤው መልስ መጻፍ አቃተኝ።

ዛሬ ጠዋት ቀጠሮዬን ትንሽ አዘግይቼ ሶውትራ ላይ ቆምኩ። ድንጋይ ቤቷ ድረስ ሄድኩ። ከነፋሱ ብርታት የተነሳ የመኪናውን በር በሁለት እጄ ነው የከፈትኩት። ሆስፒታል ነበር ያልኳችሁ ቦታ ዛሬ ሜዳ ነው፤ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። በጎች ነበሩ። መነኮሳቱ እዚህ ነፋስ ላይ በሽተኛ ያስቀመጡት ለምን እንደሆነ ገረመኝ። መንገዱ እዚህ ስለሚያልፍ ነው መሰለኝ። የደከመው ሰው የሚወድቀው ዳገት ላይ ነው።

---

ካሴት ሰብሳቢ

@አዋላጅ ነኝ፣ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። እንቅልፍ ወሰደኝ ያልኩትን አልበም እንደገና ከፈትኩት፤ በአንቺ ምክንያት።

አሁንም ወሬው በዝቷል እላለሁ። ይህን አልለውጥም። ግን እሹሩሩው ላይ አልተኛሁም።

---

ንብ አናቢ (ስቶክሆልም)

ስለ ረግረጉ አንድ ቃል። በዚያ ቦታ ስፋግነም የሚባል ለስላሳ ተክል ይበቅላል፤ እንደ ስፖንጅ ነው፣ የራሱን ክብደት እስከ ሃያ እጥፍ ውሃ ይይዛል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጥጥ ሲያልቅ ስኮትላንድ ውስጥ ሴቶችና ልጆች ለቅመው፣ አድርቀው፣ ለወታደሮች ቁስል ማሰሪያ አደረጉት። ደም ይመጥጣል፣ ቁስሉም አይመረቅዝም። አልበሙ ውስጥ ለዚህ ተክል የተሠራ ቅዳሴ መሰል ዜማ አለ። እኔን ከሁሉም የያዘኝ እሱ ነው።

ተክሉ ሲሞት አይበሰብስም፤ እየተደራረበ ጥቁር አፈር ይሆናል። በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። አንድ ሜትር ቆፈርክ ማለት ወደ አንድ ሺህ ዓመት ወረድክ ማለት ነው። መነኮሳቱ የረገጡት መሬት ከሁለት ክንድ ብዙም አይርቅም። ቀስ ያለ አልበም ነው ብላችሁ ስታማርሩ ይህን አስቡ። 😄

---

ሸገር ልጅ

አቦ እዚህ ክር ላይ አልበም ሳይሆን ዩኒቨርሲቲ ነው ያለው። ዘፈን ሊንክ ያለው ሰው የለም እንዴ?

---

ባለ መነጽሯ

@ሸገር ልጅ፣ ስሙን ጽፈህ ፈልግ፣ ይወጣልሃል። በ«ፎልትላይንስ» ጀምር፤ እሱ ሙሉ በሙሉ ዘፈን ነው፣ ወሬ የለበትም። (ካሴት ሰብሳቢ፣ ይሄ ለአንተም ነው።)

ሮበርት በርንስንም አትርሱ። በርንስ ለነሱ ብሔራዊ ባለቅኔያቸው ነው፤ በ1796 ነው የሞተው። ነሐሴ ላይ የአደን ወቅት ሲከፈት የጻፈው ግጥም አለ፤ ስለ ወፎች፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ሰው ጭካኔ። እሷ ያንን ወስዳ ረግረጉ ላይ አሳረፈችው። እዚህ አገር ይሄ የተለመደ ነው። የጥንቱን ዘፈን ይወስዱና አዲስ ነገር ይቀጥሉበታል። ሃሚሽ ሄንደርሰን የሚባሉ ባለቅኔና ዘፈን ሰብሳቢ ነበሩ። በ1951 ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የስኮትላንድ ጥናት ትምህርት ቤት ሲቋቋም ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ናቸው። ቴፕ ይዘው ገበሬና ዘላን ዘንድ እየዞሩ ቀዱ። የዘፈን ቅብብሎሹን ተሸክሞ የሚሄድ ወራጅ ውሃ ነው ይሉት ነበር። እንግዲህ ሃያስያኑ አንድን አዲስ አልበም ሲሰሙ ሁለት ነገር ነው የሚጠይቁት፦ ውሃው አለ ወይ? አዲስ ነገርስ ገባበት ወይ? እዚህ ሁለቱም አለ። ለዚህ ነው ኮከቡ የበዛው እንጂ ለይሉኝታ አይደለም።

---

የቫን ሹፌር — ሚያዝያ 2010

ክሩን ላነሳው ነው። ዜናውን ሰማችሁ? ቤልፋስት ላይ በተደረገው የቢቢሲ ሬዲዮ 2 የፎክ ሽልማት ካሪን የዓመቱ የፎክ ዘፋኝ ተብላለች! ምርጥ አልበሙን ግን ያንግአንስ የሚባሉ እንግሊዛውያን ወሰዱት።

---

ካሴት ሰብሳቢ

እንኳን ደስ ያላት። አልበሙ አለመሸለሙ ግን ደግ ነው፤ ወሬው በዝቷል ብዬ ነበር።

«ፎልትላይንስ»ን ሰማሁት። በቃ፣ አልከራከርም። ያቺ ሴት እንዲህ መዝፈን ስትችል ለምን ታወራለች?

---

ሻንጣ የሌለው (ግላስጎው) — ኅዳር 2011

ይህን ክር ያገኘሁት አዲሱን አልበሟን ስፈልግ ነው። ባለፈው ወር የወጣው «ሎውስ ኦፍ ሞሽን» ይባላል። ከወንድሟ ከስቲቨንና ኢንጋ ቶምሰን ከምትባል አኮርዲዮን ተጫዋች ጋር ነው። እሱም እየተወደሰ ነው።

አንድ ዘፈን አለው፤ ርዕሱ «ሻንጣ» ማለት ነው። በ1938 እና 1939 ከናዚዎች ለማዳን ያለ ወላጅ ወደ ብሪታንያ ስለተላኩት ሕፃናት ነው፤ አብዛኞቹ አይሁድ። ወደ አሥር ሺህ ይሆናሉ። አንዳንድ ሻንጣ ብቻ ነበራቸው።

እኔ ግላስጎው የደረስኩት ዕቃዬን በላስቲክ ከረጢት ይዤ ነው፤ ሻንጣ እንኳ አልነበረኝም። ጥገኝነት ጠይቄ የመጀመሪያው ክረምት ላይ አሥረኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን አስቀመጡኝ። ማመልከቻዬን የያዘው ቢሮ ሁለት ጊዜ ስሜን አሳስቶ ጻፈው፤ ለአንድ ዓመት ሌላ ሰው ሆኜ ኖርኩ። የታችኛው ፎቅ ላይ ያሉ አንዲት አሮጊት ሾርባ ያመጡልኝ ነበር። የሚሉት አይገባኝም። ግላስጎውኛ ነበር፣ እንግሊዝኛ ነው ብዬ ራሴን ሳስጨንቅ። አሁን ዘፈኑን ስሰማ ሾርባው ይሸተኛል።

ሃያሲ ምን አለ የሚለው አይመለከተኝም። ይህን ልጽፍ ነው የገባሁት።

---

አዋላጅ ነኝ

ልጄ፣ አሮጊቷ ዛሬም አሉ?

---

ሻንጣ የሌለው

አሉ እማማ። አሁን እኔ ነኝ ሾርባ የማደርሰው። የምስር። «በርበሬውን ቀንስ» ይሉኛል።

---

ግራናይት ከተማ

በዚሁ አልበም ላይ ደግሞ ትራምፕ ተመልሰው መጥተዋል። የሰውየው እናት ሜሪ አን ማክላውድ ሉዊስ ከምትባለው ደሴት ናቸው፤ ቶንግ ከሚባል መንደር፤ በ1912 የተወለዱ። ጌሊክ የሚባለው የስኮትላንድ ቋንቋ ነበር የአፍ መፍቻቸው። በ1930 ሥራ ፍለጋ ኒው ዮርክ ሄዱ። ማለትም የስደተኛ ልጅ ናቸው ሰውየው። ዘፈኑ ውስጥ የሚናገረው ግን ሰው አይደለም፤ የሉዊስ ደሴት ድንጋይ ነው። ዕድሜው እስከ ሦስት ቢሊዮን ዓመት የሚደርስ ድንጋይ። ለድንጋይ አራት ዓመት ምን አላት!

ዘፈኑን መጀመሪያ ያሰማችው በ2017 ጥር፣ ሰውየው ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ሰሞን፣ ግላስጎው ውስጥ ነው።

---

ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ (ሜሪላንድ) — የካቲት 2017

ስድስት ዓመት የተኛ ክር ስለቀሰቀስኩ ይቅርታ። ጥሩ ምክንያት አለኝ። ካሪን ባለፈው ወር አዲስ አልበም አወጣች፦ «ሉኪንግ ፎር ዘ ትሬድ»። ከሁለት ሴቶች ጋር ነው። አንዷ ጁሊ ፋውሊስ፣ በጌሊክ የምትዘፍነው የኖርዝ ዊስት ደሴት ልጅ። ሌላዋ የኛዋ ሜሪ ቼፒን ካርፐንተር። የኛዋ ስል፣ እዚሁ ዋሽንግተን ቡና ቤቶች ውስጥ ጊታር ይዛ ነው የጀመረችው። ከዚያ አምስት ግራሚ ወሰደች። እኔ በሰማንያዎቹ መጨረሻ ታክሲ ስነዳ ሬዲዮው ላይ እሷ ነበረች፤ ትዝ ይለኛል።

ሃያስያኑ ደግሞ ተደስተዋል። እኔ ደግሞ በሦስቱ ድምፅ ተደስቻለሁ። ማንም ማንንም አይጫንም፤ አንዷ ትመራለች፣ ሁለቱ ይከተላሉ፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። ይህን ስል ያ የዝዮቹ ነገር ትዝ አለኝና ነው ክሩን ፈልጌ ያነሳሁት።

---

ሰፈረ ገበሬ

ወንፈል።

---

ሸገር ልጅ

ክሩ የተከፈተው ስለ 2017 አልበም ነበር፤ እኛም በራሳችን አቆጣጠር 2017 ላይ ደረስን። ልክ በሰዓቱ ነው የደረስነው 😂

---

ካሴት ሰብሳቢ

ሰማሁት። ወሬ የለበትም። በመጨረሻ ምክሬን ሰማች።

አንድ ጥያቄ፦ በሸክላ ወጥቷል? ከወጣ ከዚያ የሚመጣ ሰው ካለ፣ ዋጋውን እዚህ እሰጣለሁ። ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ነው የምትጭኑት፤ ባለፈው አንድ ሰው አቁሞ አምጥቶ ተጣሞብኛል።

---

የቫን ሹፌር

ጋሼ፣ ፋሲካ ላይ እመጣለሁ። ከተገኘ ልብሴ መሐል አድርጌ አመጣልሃለሁ።

መንገዱ ያው ነው። ቫኗን ቀየርኩ። ዛሬ ጠዋት ፋላ ጋ ስደርስ በላዬ አለፉ፤ እስኪያልፉ መስኮቱን ከፍቼ ቆምኩ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ክላክሱን አቀለጠው።